መዓዛ በስደት ቤት

ሀገሩን ለቆ የወጣ ሰው ስለ ራቀው ነገር ሲናገር አስቀድሞ የሚያነሣው ዐይኑ ያየውንና ጆሮው የሰማውን ነው። ተራራውን፣ ወንዙን፣ የደብሩን ደወል፣ የመስጊዱን አዛን፣ የገበያውን ጫጫታ ይዘረዝራል። አፍንጫው ያወቀውን ግን እምብዛም አያነሣም። ይህም የሆነው ሽታ ከንቱ ነገር ሆኖ ሳይሆን ለሽታ የሚሆን ቃል ስለሚያጥረን ይመስለናል። ቀዩን ቀይ፣ ረጅሙን ረጅም እንላለን፤ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚነሣውን ሽታ ግን «የዝናብ ሽታ» ከማለት በቀር ሌላ ስም የለንም። በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ብዙ ታላላቅ ጉዳዮች ሲጻፍ ኖሮ ዛሬ እኛ ስለ ጥቂት ትንንሽ የአበባ ዘይት ጠርሙሶች ለመጻፍ ስንነሣ፣ አንባቢ «ምን ነካቸው?» እንዳይለን የነገሩን መነሻ ከሥሩ ማውጋት ይገባናል።

እኛ ስድስት ተማሪዎች በሰሜን ጀርመን በምትገኝ አንዲት የወደብ ከተማ፣ በአንድ የተማሪዎች ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ስድስት ጠባብ ክፍሎችና አንድ የጋራ ማድ ቤት አሉን። ከስድስታችን አንዱ የመድኃኒት ቅመማ፣ አንዷ የሕግ፣ ሁለቱ የምሕንድስና፣ አንዷ የነርስነት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ታላቃችን ደግሞ ታሪክ ያጠናል። የመጣንባቸው አውራጃዎች ይለያያሉ፤ የምንጸልይበትም መንገድ አንድ አይደለም። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ግን ሁላችንም በማድ ቤቷ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ የሀገር ጉዳይ ይነሣል፤ ክርክሩም እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር፣ በረዶ መስኮቱን በሸፈነበት በአንድ እሑድ ማታ፣ ዕጣኑ ከልክ በላይ በዛና ጢሱ ኮርኒስ ደረሰ። በኮርኒሱ ላይ የተተከለው የእሳት ማስጠንቀቂያ መጮህ ጀመረ፤ እርሱን ተከትሎም የሕንጻው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ጮኸ። ተማሪው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በረዶ ላይ ቆመ፤ ሁለት የእሳት አደጋ መኪኖችም መጡ። ሠራተኞቹ ደረጃውን በሩጫ ወጥተው ያገኙት አንዲት የዕጣን ማጨሻ፣ አንድ ጀበናና በኀፍረት አንገታቸውን የደፉ ስድስት ሐበሾች ነበር። በሳምንቱ ከሕንጻው አስተዳደር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ኪሳችን የማይችለው ሒሳብ ደረሰን። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ከሰል አልተቀጣጠለም፤ ዕጣንም አልጤሰም።

ዕጣን የሌለበት ቡና ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ቡናው ያው ቡና ነው፤ ሲኒውም አልተለወጠም። ነገር ግን ሰው ቶሎ ቶሎ ጠጥቶ ይነሣ ጀመር። ሁለተኛውን ስኒ የሚጠብቅ እንጂ ሦስተኛውን የሚጠብቅ ታጣ። ይህን ያስተዋለው የመድኃኒት ቅመማ ተማሪው ወንድማችን አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንዲት ማሠሮ የምታክል መሣሪያ ይዞ መጣ። መሣሪያዋ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ስትሆን፣ ውኃ ተሞልቶባት ጥቂት የመዓዛ ዘይት ሲንጠባጠብባት እሳትና ጢስ ሳይኖር ቀዝቃዛ ጉም ትተፋለች። እኛም «ጉም ተፊ» ብለን ስም አወጣንላት። ከእርሷ ጋር ከፋርማሲ የተገዙ ሦስት ትንንሽ ጥቁር ጠርሙሶች ነበሩ፤ አንዱ የላቬንደር፣ አንዱ የጄራኒየም፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት።

ለመሆኑ ይህ የመዓዛ ዘይት የሚባለው ምንድን ነው? ወንድማችን እንዳስረዳን ከሆነ የሚወጣበት መንገድ ከአረቄ ብዙ አይርቅም። አረቄ ስታወጣ ያየናት እናት ድፍድፉን በእሳት ላይ ጥዳ፣ እንፋሎቱ በመቃ ተመርቶ ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ጠብታ ሆኖ እንዲወርድ ታደርጋለች። አበባም እንዲሁ ነው። የላቬንደሩ ራስ በታላቅ ጋን ውስጥ ተጠቅጥቆ የውኃ እንፋሎት ያልፍበታል፤ እንፋሎቱ የአበባውን መዓዛ ተሸክሞ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ስስ ሽፋን ዘይቱ ነው። የዋጋውም ነገር ከዚህ ይመነጫል። በቡልጋሪያ በካዛንልክ ሸለቆ ጽጌረዳው በሜይና በጁን ወራት ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ መዓዛውን ሳትወስደው፣ በእጅ ይለቀማል፤ አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘትም ከ3,000 ኪሎ በላይ ቅጠለ አበባ ያስፈልጋል። እንግዲህ በዚያች ጠብታ ውስጥ ስንት የጎበጠ ወገብ እንዳለ አንባቢ ራሱ ያስላው።

አንዳንዱ አበባ ደግሞ እንፋሎት አይችልም። ጃስሚን የሚባለው ነጭ አበባ ሙቀት ሲነካው መዓዛው ስለሚበላሽ በኬሚካል ሟሟቶ ይወጣል። በጥንቱ ዘመን ግን በደቡብ ፈረንሳይ በግራስ ከተማ የነበሩ ሽቶ ሠሪዎች አበባውን በመስተዋት ላይ በተቀባ የእንስሳ ስብ ላይ እየደረደሩ ስቡ መዓዛውን እንዲጠጣ ያደርጉ ነበር። ይህን ስንሰማ የሕግ ተማሪዋ እህታችን ሳቋ መጣ። «ይህማ የእናቶቻችን ሥራ አይደለም እንዴ?» አለች። እውነትም እናቶቻችን አደስን ወቅጠው ከለጋ ቅቤ ጋር አዋሕደው ለፀጉራቸው ሲቀቡት ኖረዋል። ስብ መዓዛን እንደሚይዝ በግራስ ያሉት ሲያውቁ ስሙ ጥበብ ሆነ፤ እናቶቻችን ሲያውቁት ግን እኛ ትምህርት ቤት ገብተን ፊደል ከቆጠርን በኋላ ቅቤ በተቀባው ፀጉራቸው ማፈር ጀመርን። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ የግራሱ የጃስሚን ዝርያ የቅርብ ዘመድ በሀገራችን አጥርና ቁጥቋጦ ላይ የሚሐረግ መሆኑ ነው፤ ስሙም ጠንበለል ነው። ከአፍሪካ ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅለው የጽጌረዳ ዝርያም ልጆች ሳለን ቀይ ፍሬውን እየለቀምን የበላነው ባለ ነጭ አበባው ቀጋ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጋሼን አላሳመነውም። ክርክሩም በቤታችን ደንብ መሠረት በሂስ ተጀመረ። «በየመጠለያው ሰው ተጨናንቆ ባለበት ዘመን፣ ወንድሞቻችን በየበረሃውና በየባሕሩ እያለቁ፣ እኛ የአበባ ሽቶ የምንለካ ሆንን? ይህ የድሎት ነገር ነው» አለ። መልስ የሚሰጥ ጠፋ፤ ምክንያቱም እያንዳንዳችን በልባችን ያንኑ ብለን ነበር። ወንድማችን ብቻ በዝግታ፣ «ጋሼ፣ ዕጣኑን ስናጤስ ድሎት አላልከውም ነበር» አለው። ጋሼም፣ «ዕጣን ባህል ነው» ብሎ ተነሣ።

በዚያው ፌብሩዋሪ በአቅራቢያችን ባለ ሱቅ ደጃፍ የጽጌረዳ እቅፍ ተደርድሮ ለፍቅረኞች ቀን ሲሸጥ አየን። በመጠቅለያው ላይ የተጻፈው የትውልድ ሀገር ኢትዮጵያ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ ዙሪያ የተስፋፉት የአበባ እርሻዎች ሀገራችንን ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ታላላቅ አበባ ላኪዎች ተርታ እንዳሰለፏት እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን የሀገርን አበባ በባዕድ ሀገር በረዶ ላይ ቆሞ ማየት ሌላ ነው። አንዱን እቅፍ ገዛንና በየተራ አሸተትነው። ምንም አይሸትም። ለረጅም ጉዞና ለብዙ ቀን ቆይታ ተብለው የተዳቀሉ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ መዓዛቸውን በመንገድ ሳይሆን ገና በማዳቀሉ ጊዜ እንዳጡ ወንድማችን ነገረን። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናትም በጽጌረዳ ውስጥ መዓዛ ለማዘጋጀት የሚረዳ አንድ ኢንዛይም ሽታ በሌላቸው ዝርያዎች ውስጥ ሥራው እጅግ አነስተኛ ሆኖ እንደተገኘ አመልክቷል። አበባዋን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አኖርናት። መልኳ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይጠወልግ ቆየ፤ ከመካከላችን ግን ዳግመኛ ቀርቦ ያሸተታት አልነበረም።

በኤፕሪል ወር የነርስነት ተማሪዋ እህታችን የእናቷን መርዶ ሰማች። መርዶ በሀገራችን ወግ ማለዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰው በሰው ላይ ተደግፎ የሚነገር ነው። እርሷ ግን የሰማችው ሌሊት፣ በሥራ ቦታዋ ኮሪደር ላይ፣ በስልክ፣ ብቻዋን ቆማ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ ገና ስላልተወሰነ ሄዳ መቅበር አልቻለችም። እኛም የአቅማችንን አደረግን። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፣ እዝን አቀረብን፣ ገንዘብ አዋጣን፤ ስለ ስደት መከራም ረዘም ያለ ንግግር አደረግን። እርሷ ግን አላለቀሰችም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እንቅልፍም እምቢ አላት። ሌሊት ሌሊት በማድ ቤቱ ውስጥ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ እናገኛት ነበር።

መፍትሔ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ላቬንደሩ ነው። ስለ አበባ ዘይት የሚያወሩ ጽሑፎች ሁሉ ላቬንደር እንቅልፍ ያመጣል ይላሉና። «አሮማቴራፒ» የሚለውን ስም ያወጣው ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ በዚሁ ስም የጠራውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. በቤተ ሙከራ ፍንዳታ በተቃጠለ ጊዜ በላቬንደር ዘይት መጠቀሙን በዚያ ውስጥ ጽፏል። እኛም ይህን አንብበን የልብ ልብ ተሰማን። ነገር ግን ያልተማሩት ሲደፍሩ የሚደርሰው ደረሰ። ከምሕንድስና ተማሪዎቹ አንዱ ለሙከራ ብሎ ያልተበረዘ ዘይት በሁለቱ ሰሌን ጆሮዎቹ ላይ አሸና ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ሽፍታውም አንድ ሳምንት አልለቀቀውም። ጉም ተፊዋን በተዘጋ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ስናስነሣትም አስም ያለባት የሕግ ተማሪዋ እህታችን በሳል ታፍና ተነሣች።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሁሉ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ የተማርነውን እንጽፋለን። የአበባ ዘይት ከአበባ ስለወጣ ብቻ ገር አይደለም፤ የብዙ አበባ ኃይል በአንድ ጠብታ የተጠራቀመበት ነገር ነው። አይጠጣም፤ ዐይን አያገኘውም፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ለቆዳ ከሆነ በሌላ ዘይት ይበረዛል፤ በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ሲገባ ሁለት ከመቶ ያህል ይሆናል፤ ይህም በመጀመሪያ በክንድ ላይ በጥቂቱ ተሞክሮ ነው። ለቤት አየር ከሆነ አራት ወይም አምስት ጠብታ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ መስኮት ገርበብ ብሎ ይበቃል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የአስም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም። ስለ መድኃኒትነቱም ቢሆን ላቬንደር በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጭንቀትን እንደሚያቀል የሚያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተሳተፉባቸው ናቸው። የከበደ ሐዘን ወይም የማይለቅ የእንቅልፍ እጦት የገጠመው ሰው ሐኪም ይይ። እህታችንንም ወደ ሐኪም የወሰድናት እኛው ነን።

ከሐኪሙ በተመለሰችበት ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ወንድማችን ጠርሙሶቹን በጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ለዚያ ቀን ብለን ገንዘብ አዋጥተን በሌላ ዘይት የተበረዘ ጥቂት ጃስሚን፣ የጠጅ ሳርና የዕጣን ዘይት ጨምረን ገዝተን ነበር። ወንድማችን እንደ ሐኪም ብዕሩን አንሥቶ፣ «እናትሽ ቤት ምን ምን ይሸት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ለቅመማው የሚረዳው መስሎት እንጂ ሌላ ነገር አስቦ አልነበረም።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም መናገር ጀመረች። የእናቷ ቤት በወሎ ደጋ ላይ ነው። በአጥሩ ላይ ቀጋ ይበቅላል፤ በቀጋው ላይ ጠንበለል ይሐረጋል። ክረምቱ ሲያበቃና ጠንበለሉ ሲያብብ እናቷ አበባውን በነጠላዋ ጫፍ ለቅማ በልብስ ሣጥን ውስጥ ትበትነዋለች፤ ስለዚህ የዓመት በዓል ቀሚስ ሁልጊዜ ጠንበለል ጠንበለል ይላል። የወተቱ ዕቃ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ፀጉሯ አደስና ቅቤ ይሸታል። ማታ ማታ ልጆቿን አቅፋ ስትተኛ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣል። «እኔ የእናቴን መልክ በፎቶግራፍ አያለሁ፤ ድምፅዋም ስልኬ ውስጥ አለ። ሽታዋ ግን የትም የለም» አለችን።

መቀመሙን ጀመርን። መጀመሪያ አራት ጠብታ ላቬንደርና ሁለት ጠብታ ጄራኒየም በወረቀት ጫፍ ላይ አድርገን ሰጠናት። አሽትታ፣ «ይህ ሳሙና ነው» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷም ፈገግ አለች። በሁለተኛው ጃስሚኑን አበዛነው፤ «ይህ ደግሞ የሙሽራ ቤት ነው» አለች። በሦስተኛው አንድ ጠብታ ጃስሚን፣ የጽጌረዳን ጠረን የሚያስታውሰውን ጄራኒየም ሁለት፣ ዕጣን ሁለት፣ ጠጅ ሳር አንድ አደረግን። ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። «የእናቴን አይመስልም» አለች በመጨረሻ፤ «ግን እናቴ በአጠገቡ ያለፈች ይመስላል።» ይህን ብላ አለቀሰች። መርዶውን ከሰማች ጀምሮ የመጀመሪያው ልቅሶዋ ነበር።

በዚያች ሌሊት እስከ ንጋት ተኛች ብንል እንዋሻለን። ሲነጋጋ ሁለት ሰዓት ያህል እንደተኛች ነገረችን፤ እንቅልፏ የተመለሰው ከዚያ በኋላ በዝግታ ነው። የመለሰው የአበባው ዘይት ነው፣ ሐኪሙ ነው፣ ልቅሶው ነው ብለን ለመፍረድ አንችልም። ሽታ ግን ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ሳይንስ የሚለው አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ በአፍንጫችን ውስጥ ሽታን የሚለዩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተቀባይ ዓይነቶችን የሚያስገኙትን ዘሮች ያገኙ ናቸው። ያየነውና የሰማነው ነገር ወደ ላይኛው አንጎል ከመድረሱ በፊት በአንድ የመሐል ጣቢያ ያልፋል፤ ሽታ ግን ይህን ጣቢያ አስቀድሞ ሳይረግጥ ስሜትና ትዝታ ወደሚኖሩባቸው ክፍሎች አቋርጦ ይገባል። በሌላ አነጋገር ሽታ ደጅ አይጠናም።

ሆኖም በዚያች ማታ ከሁሉ በላይ የገረመን የሽታው ሥራ አልነበረም። እህታችን ተናግራ ስትጨርስ የምሕንድስና ተማሪው ስለ አያቱ ቤት ሉባንጃ አወራ። የሕግ ተማሪዋ ስለ አሪቲ ተናገረች። በመጨረሻም እስከዚያ ድረስ በሩን ተደግፎ ቆሞ የነበረው ጋሼ፣ «የአባቴ ጋቢ የፈረስ ላብና የጤና አዳም ይሸት ነበር» አለ። አባቱ የሞቱት እርሱ በሱዳን በኩል በተሰደደበት ዓመት መሆኑን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ከእርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ግለ ሂሳችንን በአደባባይ እናቀርባለን። እሑድ እሑድ ስለ ሀገር ስንነጋገር ኖረናል፤ ከጉባኤያችን ማንም ቀርቶ አያውቅም። ነገር ግን ስለ ሀገር ያን ያህል ስናወራ፣ እርስ በርሳችን «የእናትሽ ቤት ምን ይሸታል? አባትህ እንዴት ነበሩ?» ተባብለን አናውቅም። ለሟች ገንዘብ አዋጣን እንጂ ሟቿ ምን ዓይነት ሴት እንደነበረች አልጠየቅንም። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ የስድስት ትንንሽ ጠርሙሶች ሰበብ አስፈለገን። የጋሼ ጥያቄ የተነሣው ከመልካም ልብ ነው፤ ድሎት ያለውን ነገር መለካቱንም ዛሬ አልተወም። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው፦ ሰውን ከሰው ጋር የሚያነጋግር ነገር በስድስት ጠብታም ቢሆን ድሎት አይደለም።

ዛሬ በማድ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አንድ ደብተር አለ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የአንድ ሰው ቤት ሽታ በራሱ ቃል ተጽፏል፤ ከሥሩም የጠብታው ልክ ተመዝግቧል። አንዱም ቅመም እውነተኛውን ሽታ አልሰጠንም፤ ወደፊትም የሚሰጠን አይመስለንም። አደስን የሚተካ ጠርሙስ አላገኘንም፤ የፈረስ ላብም በፋርማሲ አይሸጥም። እሑድ ቡና ሲፈላ ጉም ተፊዋ ለግማሽ ሰዓት ትነሣለች፤ መስኮቱም ገርበብ ይላል። ሦስተኛውን ስኒ የሚጠብቅ ሰው ተመልሶ መጥቷል።

በየሀገሩ የተበተናችሁ እህቶችና ወንድሞች ሆይ፣ የአበባ ዘይት ግዙ ብለን አንመክራችሁም፤ ዋጋው ለተማሪ ኪስ አይስማማም። ከአጠገባችሁ ላለው ሰው ግን የቤቱን ሽታ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም አታቋርጡት እንላለን።